አትንኪ የተባልኩት ታይፕ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ሲፈንን በረንዳ ላይ፣ ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አገኘኋት። የሐዘን ለቅሶ አልነበረም። ከንዴት የሚመጣውን እንባ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። የመቱ ከተማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የጠበስኩትን የበቆሎ እሸት ይዤ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ማን ነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም። አኮ፣ ተይኝ በናትሽ።»

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኛ ቤት ሁለቱ ቋንቋ አንድ ማሰሮ ውስጥ ስለሚበስል የትኛው የትኛው እንደሆነ ልብ የሚል የለም። አልተውኳትም። ደግሞ መቼ ትቼ አውቃለሁ።

ሲፈን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልፏታል። የምትፈልገው ሥራ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ የሚባለውን ነው። ዲግሪው ብቻውን አይበቃም፣ ፈተና ወስደሽ የምስክር ወረቀት ያዢ ይሏታል። መንገዱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት፣ ውዱ ነው። ሁለተኛው ማንም ሰው በነፃ አውርዶ የሚሠራበት ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን እሱም በነፃ አይገኝም። አስተማሪዋ «ባንኮቹ የያዙትን ያዢ፣ ዓይንሽን አትሺ» ብሏታል። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ «ያማ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። የእኛ አቅም ለአንዱ ብቻ ነው።

«ሁሉም እርግጠኛ ነው አኮ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ቆይ፣ ይሄ ዳታቤዝ የምትይው ምንድን ነው?»

«ምን ልበልሽ፣ ብዙ መዝገብ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ። አስተዳዳሪው እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። የማይመለከተው ሰው ገብቶ እንዳያየው፣ የሚመለከተው ደግሞ ሲፈልግ ቶሎ እንዲያገኘው ያደርጋል።»

«መዝገብ ቤት ነው በይኛ!» አልኩና የያዝኩትን በቆሎ አስቀመጥኩት። ያ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወጣት ሆኜ፣ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን፣ እኔም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልሆን ነበር። የልጄ አባት ወደ ጦርነቱ እንደሄደ አልተመለሰም። ልጄ፣ የሲፈን እናት፣ የወተት ጥርሷን መንቀል የጀመረችበት ጊዜ ነው። እኔ መናኸሪያው በር ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እሸጥ ነበር። ትኩስ ጎደሬ ሆድ ይሞላል፤ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ይወደዋል። ችግሩ ዝናቡ ነው። እዚህ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው፤ ከነቅርጫቴ ነበር የሚያጥበኝ። ቢሮ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሴቶች ሳይ በደመወዛቸው ብቻ አልቀናም ነበር። ጫማቸው ደረቅ መሆኑም ያስቀናኝ ነበር።

እናቴ ያለችንን አንዲት ጊደር ሸጠችና «ሂጂ፣ ታይፕ ተማሪ» አለችኝ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ለደረሰች ሴት ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም።

የጋሼ በላቸው ታይፕ ማስተማሪያ ከቡና መጋዘን ጎን ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ቀኑን ሙሉ የጀንፈል ቡና ሽታ ይገባባታል። ታይፖቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛ። የምስክር ወረቀቱም እንዲሁ ሁለት ስለነበር ከመመዝገባችን በፊት አንዱን መምረጥ ነበረብን። እኔ ግን ምርጫም አልመሰለኝም። ከመቱ እስከ ኡካ፣ ከኡካ እስከ ኖፓ፣ በየቢሮው የሚጻፈው አማርኛ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ለማን ይጻፋል? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ይህንኑ ነገረኝ፤ ሹፌሩም፣ የቀበሌ ጸሐፊውም፣ ጎደሬ ሊበላ የቆመውም።

የእንግሊዝኛውን የመረጠችው አብራኝ የተመዘገበችው ዘምዘም ነበረች። አባቷ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ ባለሱቅ ናቸው። ለምን እንደመረጠች ስንጠይቃት «የአማርኛው ወረፋ በዛብኝ» ነው ያለችው። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሳቅንባት። «ለፈረንጅ ንጉሥ ደብዳቤ ልትጽፊ ነው?» ያልኳት እኔው ነኝ።

የአማርኛው ታይፕ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፊደላችን ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የፊደሉን ግንድ ትመቺና ቅጥያውን ትለጥፊበታለሽ። ጋሼ በላቸው እጃችን ላይ ጨርቅ ይሸፍኑብናል፤ ቁልፍ በዓይን መፈለግ ክልክል ነው። አንድ ቀን ዘምዘም ለምሳ ስትወጣ የእሷ ታይፕ ፊት ተቀምጬ ጣቴን አሳረፍኩ። ጋሼ በላቸው ከበር ጀምረው ጮኹ።

«አትንኪ! ጣትሽ ይበላሻል! በአንዱ የተገራ ጣት ሌላ ከቀመሰ ሁለቱንም ያጣል።»

አመንኳቸው። አስተማሪ ናቸው፣ ሸበቶ ናቸው፣ ለምን አላምናቸውም? ቆይቶ ግን በየቢሮው ሥራው በኦሮምኛ ሊሆን ነው፣ የሚጻፈውም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው የሚል ወሬ መጣ። ያኔ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የሚወራው እውነት ከሆነ ቁቤ በየትኛው ታይፕ ሊመታ ነው?»

«እሱ እስኪለወጥ አንቺ ጡረታ ትወጫለሽ። ስንት መዝገብ እንዳለ ታውቂያለሽ? ይልቅ ምቺ!»

መታሁ። የምስክር ወረቀቴን ስቀበል ከክፍላችን የአማርኛ ተማሪዎች እኔን የሚቀድም አልነበረም።

ክረምቱ እንደገባ ኡካ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ታይፒስት ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የተለጠፈው በአማርኛ ነው። በታይፕ የምስክር ወረቀት ያላት ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ከዘምዘም ጋር ቡና በሚጭን መኪና ተሳፍረን ሄድን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ብቻ ነበር፤ መኪናው በተያዘ ቁጥር ወርደን እንገፋለን። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ሹፌሩ ጎማው ላይ ሰንሰለት ሲያስር እኛ ዛፍ ሥር ተጠልለን የእሷን ሙዝና የእኔን ጎደሬ ተካፈልን።

«እኔ እኮ የመጣሁት አንቺን ላጅብ ነው» አለችኝ እያኘከች። «በእንግሊዝኛ ታይፕ ማን ይቀጥረኛል?»

የምሯን ነበር። እኔም «አይዞሽ፣ ከገባሁ አስገባሻለሁ» አልኳት።

ቢሮው ስንደርስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ታይፕ ብቻ ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ ነው። አጠገቡ የምንገለብጠው ጽሑፍ አለ፤ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሹራብ የደረቡ፣ ፊታቸው የደከመ ሰው ናቸው።

«ኦቦ፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ነው የወጣው» አልኳቸው።

«እናውቃለን እህቴ። መመሪያው የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ከእንግዲህ በኦሮምኛ ነው።»

«ኦሮምኛማ እችላለሁ!» አልኩና እዚያው በኦሮምኛ ቀጠልኩ። ወረቀቱን አንስቼ አነበብኩላቸው። በመሬት ድንበር የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ነበር። ፊደሉን ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አውቀዋለሁ፤ እያዘገምኩም ቢሆን ተወጣሁት።

«ንባብሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ፈተናው ግን የታይፕ ነው።»

«ገብስ ይዘሽ ነይ ብሎ ጠርቶ በቆሎ ስፈሪ የሚል ገበያ የት አለ?»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም። «በይ እህቴ፣ ካልቻልሽ ተነሺ። ተራው የሌላዋ ነው።»

«አልነሳም!»

ጣቶቼን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። በራሳቸው ሄደው የለመዱትን መቱ። ወረቀቱ ላይ የወጣው የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ነበር። አውጥቼ ቀደድኩትና ሌላ ወረቀት አስገባሁ። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለግኩ፣ አንዲት መስመር መታሁ። መስመሯ ስታልቅ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ከዚያ ራሴ ተነሳሁ፤ ማንም አላስነሳኝም።

ዘምዘም ተቀመጠች። የዘምዘም ኦሮምኛ የሱቅ ኦሮምኛ ነው፤ ስንት ነው፣ ውሰድ፣ አልቀንስም ከማለት ብዙ አያልፍም። «ወንድማማቾች» ከሚለው በቀር ምን እንደምትመታ ሳይገባት ጣቷ እንደ ዝናብ ወረደ። ገጹን ጨርሳ ስትወጣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ወንድማማቾቹ ታረቁ እንዴ?» አለችኝ።

ውጤት ስንጠብቅ በረንዳው ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። አንድ ጸሐፊ ወጥቶ የጉዳያቸውን ውሳኔ በኦሮምኛ አነበበላቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰሙ። ከዚያ በፊት ቢሮ የሚገቡት አስተርጓሚ እየለመኑ እንደሆነ ነግረውን ነበር፤ የገዛ ጉዳያቸውን በገዛ ጆሯቸው ሲሰሙ ዓይናቸው ረጠበ። እኔ በዚህ ምን እላለሁ? የሚገባቸውን ነው ያገኙት፣ ያውም ዘግይቶ። ግን ለእሳቸው የተከፈተው በር እኔ ላይ ለምን መዘጋት እንዳለበት የሚያስረዳኝ አልነበረም። ደስታና ንዴት አንድ ሆድ ውስጥ ሲጣሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዘምዘም አለፈች። ደስ ሊላት ሲገባ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«ሁለታችንን አንድ ሰው አድርገው ቢቀጥሩን ምን ነበረበት?» አለችኝ። «አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እመታለሁ።»

«ደረቁን ጫማስ?»

«አንድ እግር ላንቺ፣ አንድ እግር ለኔ።»

ሳቅን። በመመለሻው መንገድ ላይ ግን መኪናው ሲያዝ ብቻዬን ነበር የገፋሁት፤ እሷ ቤት ልትፈልግ እዚያው ቀርታለች።

መቱ እንደደረስኩ ጭቃዬን ሳልታጠብ ጋሼ በላቸው ዘንድ ሄድኩ። የአማርኛዎቹ ታይፖች ላስቲክ ለብሰዋል። የእንግሊዝኛዎቹ ወረፋ በር አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል።

«ጋሼ፣ ተራ ይስጡኝ። ጥቂት ሳምንት ልለማመድ።»

«አዲስ ምዝገባ ነው ልጄ።»

«ልንካው ስል ከልክለውኝ አሁን ሊሸጡልኝ ነው?»

«እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ታዲያ ያኔ አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ወደ ወረፋው ዞሩ። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ጊደር አልነበረችም። ወደ ጎደሬዬ ተመለስኩ። ኋላ ኖፓ ድረስ እየሄድኩ ማር ነገድኩ፤ በማር ልጄን አሳደግኩ፣ ሲፈንንም ከእናቷ ጋር ሆኜ አስተማርኩ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ለበጎ ነው» ይሉኛል። ለበጎ አይደለም። ያን ሥራ እችለው ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግራት በቆሎው ቀዝቅዞ ደረቀ። ሲፈን አፍንጫዋን ጠረገች።

«እና የትኛውን ልያዝ አኮ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይኸው፣ አላውቅም የሚል ሰው አገኘሽ።»

ሳቋ አመለጣት።

«ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ሁለተኛውን እንዳትነኪ የሚከለክልሽ አለ? ሳትመዘገቢ፣ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ መነካካት ይቻላል?»

«ይቻላል። ውዱም ቢሆን መለማመጃ አለው። መዝገቡን የምንጠይቅበት ቋንቋ ራሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚለያየው አያያዙ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው ዛሬውኑ ምረጪ ብሎ የሚያስለቅስሽ?»

«ሁሉም ነዋ። ቶሎ ካልያዝሽ ያመልጥሻል ይላሉ።»

«ያምልጥ! ጣትሽ ሁለቱንም ሳያውቅ ከዚህ ቤት ሳንቲም አይወጣም።»

ይህ ነገሩን እንደማይጨርሰው አውቃለሁ። ተለማምዳም መምረጧ አይቀርም፤ ለፈተናው አዲስ አበባ ድረስ መንገላታቷም አይቀርም። ተምራ ስትጨርስ ሌላ ነገር አይመጣም የሚል ካለ ጋሼ በላቸውን ያስታውሰኛል። የሚያናድደኝ መለወጡ አይደለም። ይለወጥ፤ ለዚያ ገበሬም ባይለወጥ ኖሮ ግፍ ነበር። የሚያናድደኝ፣ የነገሯትን አምና፣ ደክማ የተማረችን ሴት ከወንበር ተነሺ ብሎ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ታይፕና ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር የጎደለኝ።

መብራት ጠፋ፤ ዝናብ ሲበረታ ልማዱ ነው። ሲፈን ባትሪው እስኪያልቅ ብላ ነፃውን ከፈተችና መምታት ጀመረች። ኮምፒውተር እንደ ታይፕ አይጮህም፤ ቢሆንም ያ ድምፅ ያው ነው። ቆየት ብላ ቀና አለች።

«አኮ፣ ጣትሽ ምን ሆነ?»

ልብ አላልኩም ነበር። ጣቶቼ በነጠላዬ ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ግንዱን እየመቱ ቅጥያውን ይለጥፋሉ። እንደዚያ ያለ ታይፕ መቱ ውስጥ ካየሁ ብዙ ዘመን አልፏል። ጣቶቼ ግን ይህን የነገራቸው የለም።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«አቤቱታ።»

«ለማን?»

«እሱን ነው እስካሁን ያጣሁት» አልኳት። «አንቺ ምቺ።»