ቡፌ ውስጥ የታሰረው ተምር

ቸኮሌት የተለበጠ ደረቅ ፍሬ ለሰውነት ስለሚሰጠው ጥቅም በነፋስ ስልክ ምድር ከእኔ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን እውነት ነው። ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብቶ የካርቶን ጀርባ እያገላበጠ የሚያነብ ወጣት ሳይ በሆዴ እስቃለሁ። እኔ ይህን ትምህርት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ያለ አስተማሪ፣ ጨርሼዋለሁ።

ከመደበኛው ትምህርት ጋር አስረኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከሳሙና መጠቅለያና ጀርባው ከተገነጠለ ዲክሽነሪ ነው። አባቴ "ሂድ፣ ሥራ ፈልግ" ብሎ ከደብረ ብርሃን ነፋስ ስልክ፣ አክስቴ ቤት ላከኝ። ሥራውን አጣሁት፤ ቤቱን ግን ወደድኩት። ችግሩ፣ የአክስቴን ሬዲዮ ልጠግን ፈታትቼ ስዘጋው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ሬዲዮውም ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም።

"ስማ አንተ ቀላማጅ፣" አለችኝ አክስቴ፣ "ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ባገኝብህ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ነህ።"

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ዓይነት ዛቻ እንደሆነ ይገባዋል።

በዚያው ሰሞን ቤይሩት የምትሠራው ትልቋ ልጇ አንድ ካርቶን ላከች። ሃያ አራት ተምር፣ እያንዳንዱ ቸኮሌት ለብሶ፣ በወርቃማ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ። አክስቴ ካርቶኑን ሳመችውና ቡፌው ውስጥ፣ ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቁ ብርጭቆዎች አጠገብ አቆመችው። በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነገር አይበላም፤ በመስታወት ይታያል እንጂ። የሚከፈተው ለትንሿ ልጇ ሽማግሌ ሲመጣ ነው ተባለ።

እኔ የጀመርኩት በንባብ ነው። እመኑኝ። ቤት ሰው ሳይኖር ካርቶኑን አውጥቼ ጀርባውን በዲክሽነሪ አገላብጬ አነበብኩ። ኃይል ይሰጣል፣ አሰር አለው፣ ብረት አለው ይላል። ብረት! አክስቴ ስንት ጊዜ "ገርጥተሃል" ብላኝ የለ? መድኃኒቴ እዚያው እፊቴ በመስታወት ታስሮ ተቀምጧል። የካርቶኑን ሥር በምላጭ ከፍቼ አንድ ቀመስኩ፤ ለምርመራ። በማግስቱ ምርመራው እንዳይሳሳት ደገምኩት።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ የሚመጣላት የአክስቴ ልጅ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ።

"ለእማዬ ነው የምናገረው!"

"ቆይ እስቲ፣ አሰር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ሙሽራ የሚያስፈልጋት እሱ ነው። እንኪ።"

ከዚያ ወዲያ ምርመራው የሁለት ሰው ሆነ። አሰር ምን እንደሚሠራ ደግሞ እኔ ስድስቱን በአንድ ቁጭታ የበላሁ ቀን ሽንት ቤት ስመላለስ በተግባር አረጋገጥኩ። ሁዳዴ ሳይገባ ካርቶኑ ውስጥ የቀረው አየር ብቻ ነበር። ብልጭልጩን ወረቀት ግን አንድ ሳይቀር ዲክሽነሪዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ገጽ ማመልከቻ ይሆናል ብዬ።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ ስንል አክስቴ በሁዳዴው መካከል አንድ ረቡዕ ገብታ፣ "የፊታችን እሁድ ነው!" አለች። እኔ ብርዱ ከዚያው ተሰማኝ።

ግን ጭንቅላት ለእንደዚህ ያለ ቀን ነው። ተምር ገዛሁ፤ ፍሬውን አውጥቼ ኦቾሎኒ ከተትኩበት። ከአክስቴ በሶ ወስጄ በስኳር፣ በወፍራም ቡናና በዘይት አሸሁና ተምሩን አለበስኩት። ጥላ ሥር አደረቅኩት፤ ጥቂት ዘይት ቀብቼ አብለጨለጭኩት። የአክስቴ ልጅ በወርቃማው ወረቀት ጠቀለለች። ካርቶኑን ስናሽግ ቤይሩት ያለው ፋብሪካ ራሱ አይለየውም ነበር።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። "እሺ" ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሺ ተባሉ፤ ተቀመጡ። አክስቴ ካርቶኑን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ከሽማግሌዎቹ መካከል ያሉት ቄስ አንዱን አነሱና፦

"የጾም ነው ይሄ?" አሉ።

"አንተ፣ ና አንብብ!" አለችኝ አክስቴ። ወደ እንግዶቹ ዞራም፣ "እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው" አለች።

ጀርባው ላይ የዱቄት ወተት እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። እግዜር ራሱ ያወጣኝ መሰለኝ። ድምፄን ሞልቼ፣ "ወተት አለው አባ!" አልኩ። አይበሉትም፣ ካርቶኑ ወደ ቡፌው ይመለሳል፣ እኔም ወደ አልጋዬ።

አክስቴ ግን፣ "እንግዲያው ይዘውት ይሂዱና በፋሲካ ይፈስኩበት" አለች።

በፋሲካ! ያ በሶ እስከዚያ ድንጋይ ይሆናል፤ የቄሱን ጥርስ ከነድዱ ያወርዳል።

"ቆይ እትዬ፣ ልድገመው" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር አልተናገርኩም፦ "ተሳስቻለሁ። ወተት የለውም።"

"አሁን አለው አልክ፣ አሁን የለውም?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "ውኃው አነቀህ እንዴ?"

ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። ዝናዬ በአንድ ቀን አፈር በላ። ግን አልዋሸሁም፤ ካርቶኑ ወተት ይበል እንጂ ውስጡ ያለው ከእኔ በላይ የጾመ ነበር። ማረጋገጫ ይሆን ብዬ አንዱን እፊታቸው ዋጥኩ።

ቄሱ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አኘኩ። ቆም አሉ።

"ይሄ በሶ አይደል?"

"ነጮቹም ገብስ ያውቃሉ አባ" አልኩ። "ኃይል ይሰጣል፣ አሰርም አለው።"

"እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት በበሶ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልጄ፣ ለእኔ በሶ ልታስተምረኝ ነው?" አሉና ሁለተኛውን አነሱ። "ግን ያወቀ እጅ ሠርቶታል። እመቤት፣ ለሰርጉ ይሄንኑ ነው የምንፈልገው።"

ያን ጊዜ አክስቴ ራሷ ቀመሰች። በሶዋ ላይ ጥቁር አዝሙድ ጣል የምታደርግ እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ይህን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። እንግዳ ስላለ ፈገግ አለች። እንደዚያ የሚያስፈራ ፈገግታ አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹን ሸኝታ በሩን ዘጋች።

"ሻንጣህን አውርድ።"

"እማዬ፣ ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ። "ደግሞ እሱ ከሄደ ለሰርጉ ማን ይሠራዋል? አባ ብለዋል።"

አክስቴ ካርቶኑን አንስታ በምላጭ የተከፈተውን ሥሩን አገላብጣ አየችው። ሻንጣውን እኔ ግማሽ መንገድ አውርጄ በእጄ አንጠልጥዬዋለሁ።

"እስከ ሰርጉ" አለች።

ለሰርጉ የሠራሁት ተምር ሁለት ትልልቅ ሰፌድ ሞላ። ሰው "የቤይሩቱ" እያለ ተሻማበት። እኔ ግን አሁንም በድፍረት እናገራለሁ፤ የእኔ ከቤይሩቱ ይሻላል። ለሰውነት የሚጠቅመው ቀድሞም ተምሩ ነው፤ ቸኮሌቱ የሚጨምረው አብዛኛውን ስኳርና ቅባት ነው። የእኔ ላይ ግን ገብስና ኦቾሎኒ አለበት።

ሰርጉ አለፈ፤ ስለ ሻንጣው ያነሳ ሰው የለም፤ እኔም አላስታወስኩም። አክስቴ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የበሶውን ጣሳ ከኩሽና አውጥታ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠችና ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።