ከምንጩ ራስ የተተከሉት ባሕር ዛፎች

ባዳቾ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ጉኑኖ አጠገብ ያለውን የመንደሩን ምንጭ ቁልፍ ከያዘ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን፣ ቁርሱን ተረጋግቶ የበላበትን ቀን ሚስቱ ትዕዛዝ አታስታውስም። በሩን ቆልፎ ይመለሳል፤ ረስቼው ይሆን ብሎ ደግሞ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ጭንቀቱ ምክንያት አገኘ። ድሮ ሴቶቹ አንድ መዝሙር ዘምረው ሲጨርሱ ጀሪካኑ ይሞላ ነበር። አሁን ሦስት ዘምረውም አይሞላም። ባዳቾ ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣና ጎረቤቱን አባይነሽን አገኘ። የልጆቿን ልብስ ቧንቧው ሥር ስታጥብ አይቷታልና ውሃ አባካኝ ናት ብሎ በሰው ፊት ከምንጩ አገዳት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። እሷ አንድ ቃል ሳትመልስ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ወንዝ ወረደች። ውሃው ግን ከዚያም በኋላ መቀነሱን አልተወም።

በመጨረሻ ማኅሌት የምትባል የውሃ ባለሙያ ከወረዳ መጣች። ቧንቧውን ነካ አድርጋ ተወችውና፣ ቀና ብላ ከምንጩ ራስ ያለውን ባሕር ዛፍ ማን እንደተከለው ጠየቀች። መንደርተኛው ሁሉ ባዳቾን አየ። ከብት እንዳይገባ አጥር ይሁን ብሎ፣ ለምንጩ ሳስቶ፣ አርባውንም ችግኝ በገዛ እጁ የተከለው እሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ተመስግኖበታል። ባለሙያዋም ሥሩ ውሃውን እየጨረሰው መሆኑን ተናገረች።

ባዳቾ ቤቱ ገብቶ ቁጭ ብድግ ሲል ዋለ። ዛፎቹ ለልጁ ለታምራት ቤት ምሰሶ የታሰቡ ናቸው። ትዕዛዝ ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቃቸው ብትለው፣ ምንጩስ ይጠብቀናል ወይ አላት። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ግን የአባይነሽ ዝምታ ነበር። ምነው በሰደበችኝ አለ።

በማግስቱ ስድስተኛውን ዛፍ ሲጥል፣ አባይነሽ የወንዝ ውሃ አዝላ መጣች። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች እያዩት መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

“አባይነሽ፣ ውሃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት አዋረድኩሽ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከምንጩ ቅጂ።”

ጀሪካኗን ሳታወርድ የተቆረጡትን ጉቶዎች አየች።

“ጋሼ፣ ጉቶው እኮ ያቆጠቁጣል። ሥሩን ካልነቀሉት መጠጣቱን አይተውም።”

ይህን ብላ አልፋው ሄደች። ይቅር ብላው ይሁን አይሁን አላወቀም። መጥረቢያውን ጥሎ ዶማ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ።