ድንቡሽቡሽ ፊደል

የመቱ ከተማን ጁስ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች ስም በየግድግዳው የሚጽፈው ሰውዬ ከሲታ ነው፤ ፊደሎቹ ግን ድንቡሽቡሽ ብለው፣ እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ጥላቸውን አጥልተው፣ ለጭፈራ የተነሡ ይመስላሉ። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ሳያዳላ ያወፍራል፤ ሌላ አጣጣል አያውቅም። የጋሼ ደርበውንም የመቃብር ሐውልት በዚያው ፊደል ጻፈው፤ ሐውልቱ ሲመረቅ ሐዘንተኛው ሁሉ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በሩቁ ዞሮ ያልፋል። ትናንት ግን የሟች ባለቤት እትዬ ሽብሬ ገበያ መሐል ያዙት።

«ባሌ መቃብር ውስጥ ጁስ ቤት ከፈተ እንዴ?»

«ፍቄ እንደገና ልጻፈው፣ እትዬ።»

«በየትኛው ፊደልህ?»

ሽበታሙ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ አጣጣል እማራለሁ» አለ።