የሐይቅ ዳር አልጋና የቅዳሜው ሰርግ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጋሽ ይመር የአንደኛ ቁጥርን ቁልፍ ሰጡኝና አንጥፌ ስጨርስ እንድጠራቸው ነገሩኝ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ፤ አንሶላውን ወጥሬ አነጠፍኩ፤ ጠራኋቸው። ወለሉን አላዩትም። ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ።

“ሰዓዳ፣ እንግዳ ተኝቶ የሚያየው ጣሪያውን ነው” አሉኝ። ማዕዘኑ ላይ የሸረሪት ድር ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በዚያው ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በአልጋ አንጣፊነት ገባሁ፤ ቀጥሎ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁት የክፍሎች ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው።

ቤቱ አሥራ አራት ክፍል ነበረው። ስምንቱ ፊታቸው ወደ ሐይቁ ነው፤ ስድስቱ ወደ ጓሮ። ለእይታው ሲባል የሐይቁ በኩል ይወደዳል። ሆኖም የውሃው ሮቶ ያለው ከጓሮ ስለሆነ ጠዋት ሁሉም ሲታጠብ የፊት ክፍሎች ቧንቧ ይደክማል። በክረምት ፍራሹ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥተን እናገላብጠው ነበር። የጓሮዎቹ ውሃ ጥሩ ነው፤ እይታ የላቸውም፤ የአሣ መጥበሻው ዘይት ይሸታቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመት እንከን የሌለው ክፍል አንጥፌ አላውቅም።

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ርካሹ የቱ እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ ምን ሊያደርግ እንደመጣ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ላይ የሚውል ሰው ለመስኮት ለምን ይከፍላል? ሕፃን ይዞ ለመጣ ውሃው ይበልጥበታል። ጉልበቱን የሚያመው ደረጃ የሌለበት ይሻለዋል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ሰዎች ሲማረሩ እየሰማሁ ለመድኩት።

ሥራ በጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ጡረተኛ መምህርና ባለቤታቸው በባጃጅ መጡ። መምህር ተፈራና ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ፤ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ አልማዝ ረጅም ጊዜ ታመው ገና መዳናቸው ነበር። ልጃቸው ዛንዚባር ሂዱና እረፉ ብላ፣ መምህሩ ወራት ሙሉ በስልካቸው የደሴት ሆቴል ሲያወዳድሩ ከርመዋል። ርካሽ አልጋስ አግኝተው ነበር፤ የአውሮፕላኑ ሲደመርበት ግን አልሆነም።

“ባሕሩ ቢቀርብን ሐይቅ እንይ ብለን ነው” አሉ ወይዘሮ አልማዝ እየሳቁ።

ለሰባት ቀን ሦስተኛ ቁጥርን ፈለጉ። መስኮቱ ከሐይቁ ጋር ፊት ለፊት ነው። መምህሩ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ቧንቧውን ከፈቱ፤ አጎበሩን ዘርግተው ቀዳዳ ፈለጉ። ስልክ ላይ የለመዱት ጥንቃቄ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ እሷ እንቅልፍ ካጣች ሕመሙ ይመለስባታል። እዚህ ጸጥታ አለ?”

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ጋሽ ይመር ጠርተውኝ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አለ፤ ድንኳኑ የሚተከለው ከፊት ክፍሎቹ ሥር ሜዳው ላይ ነው፤ ድምፅ ማጉያም ይመጣል። ለሚገባ እንግዳ እንዳልናገር አስጠንቅቀውኛል፤ አንዴ ከከፈሉ ይለምዱታል ብለው። አሁን ደግሞ አሥር እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ቁልፉ እጄ ላይ ነው።

“መምህር፣ እስከ ዓርብ ጸጥ ያለ ነው” አልኳቸው። “ቅዳሜና እሁድ ግን እዚሁ መስኮት ሥር ሰርግ አለ።”

ሌላ ቤት አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ሦስት ክፍል ያከራዩ ነበር። ዋጋው የኛን ግማሽ ነው፤ ደረጃ የለውም፤ ንጹሕ ነው። መጸዳጃው ግን ግቢው ውስጥ ለብቻው እንደሆነ፣ ለእንግዳም ምግብ እንደማይሠራ አብሬ ነገርኳቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ተያዩ፤ ሻንጣቸውን ባጃጁ ላይ መልሰው ጫኑ።

ጋሽ ይመር ባጃጁ ከግቢ እስኪወጣ ጠበቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“ቁልፎቹን አስቀምጪና ሂጂ” አሉኝ።

አስቀምጬ ሄድኩ። ቤቴ የሚተዳደረው በኔ ደመወዝ ነበር፤ ሁለቱ ልጆቼ ተማሪዎች ናቸው። እውነት ተናግሬያለሁ ብዬ ለመጽናናት ብሞክርም እውነት ደብተር አይገዛም። ፈርቼ ነበር።

በማግሥቱ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሄድኩ። እንግዶቹ ካልተመቻቸው ሁለቴ መጥፎ ልሠራ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ከዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከታመሙ ወዲህ እስከ ረፋድ ሲተኙ ያ የመጀመሪያቸው ነው። መምህሩ ወደ ገዳሙ በእግራቸው ሄደዋል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወይዘሮ አልማዝ ከዳር ሆነው ማየቱ በቅቷቸዋል። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር ሲባል ሰምተው፣ እንግዲህ ደሴትም አገኘን እያሉ ሲስቁ ደረስኩ።

ከሥራ መባረሬን ለእትዬ ዘሐራ ብቻ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

“አብሽሪ” አሉኝ። “ሪዝቅ በይመር እጅ አይደለም፤ ሲሳይን የሚሰጥ አላህ ነው።”

እትዬ ዘሐራ ለእንግዳ ስለማያበስሉ ባልና ሚስቱ ምሳቸውን በየቀኑ በጋሽ ይመር ማረፊያ አሣ ይበሉ ነበር። ጋሽ ይመርም በየቀኑ ያዩአቸዋል። ሰርጉ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ከፊት ክፍሎቹ የሁለቱ እንግዶች እየተሳደቡ ገንዘባቸውን አስመልሰው ወጡ። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ፣ በየቀኑ ከመቀበያው ያጡኝ መምህር ጋሽ ይመርን ጠርተው፣ በሚመጣው ዓመት ጡረተኛ ባልደረቦቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ፣ አልጋ የሚያስይዙት ግን እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ካለሁ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። ይህን ያወቅሁት ከአስተናጋጆቹ ነው።

ሰኞ ጋሽ ይመር ቤቴ ድረስ መጡ። ግቡ ብላቸው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

“ሰባተኛ ቁጥር አልተነጠፈም” አሉ፤ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ማለታቸው ነው።

ሰርግ ካለ እንደምናገር ነገርኳቸው።

“ተናገሪ። ወደ ሰው ቤት ከመላክሽ በፊት ግን የራሳችንን ጓሮ አሳዪ።”

ልክ ነበሩ። ያን ቀን ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ያለው አሥራ አንደኛ ቁጥር ባዶ ነበር፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ለእንግዶቹ ሳላሳያቸው ቀረሁ። ረስቼ ነው እንዳልል አልረሳሁም። ዋሺ ስለተባልኩ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴን በሰው ገበያ ተወጣሁ። ይህን ለጋሽ ይመር ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰርግ ሲይዙ መጀመሪያ የሚነግሩት ለእኔ ሆነ።

መምህር ተፈራ ቃላቸውን ጠብቀው በዓመቱ ዘጠኝ ጡረተኞች ይዘው መጡ። ወይዘሮ አልማዝ ግን አሁንም እትዬ ዘሐራ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ አላድርም አሉ። ጋሽ ይመር ባጃጅ ራሳቸው ጠሩላቸው።

ዛሬ እንግዳ መቀበያው ላይ የምታገለግሉ ልጆች አልፎ አልፎ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። የምላችሁ ይህን ነው፤ የክፍሉን እንከን እንግዳው ከመክፈሉ በፊት ንገሩት፤ ከዚያ ከቤታችሁ የሚስማማውን ሌላ ክፍል አሳዩት፤ ከሌለ ወደ ጎረቤት ላኩት። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ ክፍሉን በቀን እዩት፤ ቧንቧውን ክፈቱ፤ ቅዳሜ ምን እንዳለ ጠይቁ።