ከልቡ የሚሸነፍ

እዚህ አርሜኒያ ውስጥ ልጆች መምህራቸውን ዛሬም «ጓድ» ብለው ነው የሚጠሩት። የሶቪየት ሥርዓት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ቃሉ ግን ከክፍል አልወጣም። እኔም ጓድ ሽማቮን ነኝ፣ በጊዩምሪ ከተማ የቼዝ መምህር። ቼዝ እንደ ሒሳብ የትምህርት ዓይነት ሲሆን አስተማሪ ጠፋና፣ የካልሲ ፋብሪካው ተዘግቶ ቤት የዋልኩትን እኔን አጭር ኮርስ ሰጥተው ክፍል አስገቡኝ። ለቦታው ያበቃኝ ታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ በወጣትነቴ ከአንድ ታላቅ ተጫዋች ጋር አቻ ወጥቻለሁ። ሰውየው በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር ሲጫወት መብራት ጠፋና ጨዋታው ተቋረጠ። ንጉሤን ለመግደል ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ስቀጠር ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው መኸር ውጭ አገር የሚኖር የከተማችን ሰው ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላከ። ርዕሰ መምህሯ ጓድ ጾቪናር ጠርታ ሦስት የቼዝ ፕሮግራሞች ሰጠችኝና፣ ምን ምን እንደሚችሉ አወዳድሬ አንዱን እንድመርጥ አዘዘችኝ። በመምህራን ክፍል ግን፣ ፕሮግራም የገባበት ትምህርት ቤት የቼዝ መምህር አያስፈልገውም ተብሎ ይወራ ነበር። ስለዚህ የተሰጠኝ ሥራ የሚተካኝን መምረጥ ነው። ፈራሁ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ከእነሱ ሌላ የሚፈልገኝ ቦታም የለም። ወዲያው ከሦስቱ እጅግ የማይረባውን ለመምረጥ ወሰንኩ።

እንግዲህ ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ሰንጠረዥ መሥራት ጀመርኩ። ለፕሮግራሞቹም ስም አወጣሁላቸው። አንደኛው «አማቼ» ነው፤ አይናገርም፣ አይሳሳትም፣ እርምጃዬን ልመልስ ብትለው አይሰማህም። ሁለተኛው «ሙሽራው»፤ ፈረሶቹ ይዘላሉ፣ ንግሥቱ ስትበላበት ታለቅሳለች፣ ስታሸንፍ ያጨበጭብልሃል። ቼዙን ግን ከእኔ ብሶ አያውቅም። ከሁሉም ያሸነፍኩት እሱን ብቻ ስለሆነ ወዲያው ወደድኩት።

ችግር የሆነብኝ ሦስተኛው፣ «ሰባኪው» ነው። ደረጃው ከጀማሪ እስከ ሊቅ ይስተካከላል፣ ፍንጭ ይሰጣል፣ እርምጃ ይመልሳል፣ ከጨዋታው በኋላም የት እንደተሳሳትክ በትዕግሥት ያስረዳል። «የሽማቮን አጀማመር» እያልኩ ለልጆች ሳስተምረው የኖርኩትን አሳየሁት። ሁሉንም በቀይ ቀባውና ሻዬ ሳይበርድ ንጉሤን ገደለው። ቆሽቴ አረረ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰንጠረዡ ላይ «ማብራሪያ ያበዛል፣ ሕፃናትን ያደናግራል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሙሽራውንም አሞግሼ አቀረብኩ።

ጓድ ጾቪናር ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፣ በወረቀት አትታለልም። አንብባ ሳቀችና፣ «ልጆቹ ሰባኪውን ይሞክሩት፣ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ» አለች።

በማግስቱ ኑኔ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የማትበልጥ ልጅ ናት፣ ስትጫወት ግን ርኅራኄ የላትም። ዝቅተኛውን ደረጃ ከፈትኩላት። ሰባኪው እንደ ሊቅ ሲጫወት ቆየና ድንገት ያለ ምንም ምክንያት ንግሥቱን አምጥቶ ወታደሯ ፊት አስቀመጠላት። ኑኔ አልበላችም። እጇን ከማውሱ አንስታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ጓድ ሽማቮን፣ ይሄ እያዘነልኝ ነው» አለች።

ደረጃውን ከፍ ባደርገው ቶሎ ረገጣት። መልሼ ዝቅ ሳደርገው ፈረሱን በስጦታ አቀረበ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ።

«ሆን ብሎ እኮ ነው። ከዚህ ጋር አልጫወትም። እርስዎ ይምጡ።»

ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ተቀምጣለች። እንደዚያን ቀን ማሸነፍ ፈልጌ አላውቅም፤ መምህር መሆኔን ላሳይ ነው። መነጽሬን ጠረግሁ። ለማሰብ ጊዜ እንዳገኝ ሳል ሳይኖርብኝ ሳልኩ። ላብ በላብ ሆኜ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ኑኔ በግንብና በፈረስ ጥግ አስገብታ ንጉሤን ገደለችው። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እጇን ስጨብጣት ከምሬ ተናድጄ ነበር፤ እሷም ንዴቴን ፊቴ ላይ አይታ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

ልጆቹ ሲወጡ ጓድ ጾቪናር ሰንጠረዤን አወጣችና ከሦስቱ ጎን አራተኛ ዓምድ አሠመረች፤ አናቱ ላይ «ሽማቮን» ብላ ጻፈች። ማብራሪያ፣ ያበዛል። እርምጃ መመለስ፣ እንደ ጠባዩ። ደረጃ፣ አንድ ብቻ። ከዚያ ከታች «ሲሸነፍ» የሚል አዲስ መስመር ጨመረች። ሰባኪው ስር «ያስመስላል» አለች፣ እኔ ስር «ከልቡ»።

«ሰባኪውን እንገዛዋለን» አለችኝ።

«እኔስ?»

«አንተማ ትቆያለህ፣ ሽማቮን ወዳጄ። ልጆቹ የሚያሸንፉት ሰው ያስፈልጋቸዋል።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ልቀየም ግራ ገባኝ። መንገድ ላይ ሁለቱንም እየሆንኩ ቤት ደረስኩና ለባለቤቴ ለሀይካኑሽ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ድስቷን እያማሰለች ነበር፣ ዞር እንኳ አላለችም።

«በል አደራ፣ እንዳትሻሻል» አለችኝ።

ሰው ግን ክብር አለው። ከትምህርት በኋላ በር ዘግቼ ከሰባኪው እየተማርኩ ነው፤ ኑኔን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሐሙስ እሱ ያስተማረኝን አዲስ አጀማመር ይዤ ገጠምኳት። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ አስቆየኋት፤ አንድ ቦታማ አገጯን ይዛ አሰበች። በመጨረሻ እንደ ልማዷ አሸነፈችኝና እጄን ጨበጠችኝ።

«አይዞዎት ጓድ ሽማቮን፣ ተሻሽለዋል» አለችኝ።

ክው አልኩ። ለሀይካኑሽ አልነገርኳትም።