አባዬ፣ ቱቦውና የሮብ ጾም

«ዛሬ ሮብ አይደለም እንዴ?»

አባዬ ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ዛሬ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መዋጥ ስላቃታቸው የሚመገቡት በአፍንጫ በገባ ቱቦ ነው። የበፊቱ ወፍራምና ደረቅ ስለነበር ጉሮሯቸውን አቆሰለው፤ ሁለቴ ነቅለው ጣሉት። ዝም ሲሉ አእምሯቸው የሄደ መስሎን ተደብቀን ስናለቅስ ከረምን።

ትናንት እዚሁ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሲስተሯ አዲስ ዓይነት ቱቦ አስገባችላቸው። ቀጭን ነው፣ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ልስልስ ያለ። (ይሄን የሠራ ሰው አባት ሳይኖረው አይቀርም።)

ዛሬ ጠዋት ወተት የሞላሁትን ሲሪንጅ ከቱቦው ልገጥም ስል እጄን ያዙና ያንን ጠየቁኝ።

«አባዬ፣ የነፍስ አባትዎ ለሕመምዎ ብለው ወተት ፈቅደው የለም እንዴ?»

«በአፍ ነው የፈቀዱት። ስለ አፍንጫ ምንም አላሉም።»

ሲስተሯ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ። ወደ አገራቸው አንበሳሜ ደውዬ ከነፍስ አባታቸው ጋር አገናኘኋቸው። «በአፍንጫም ተፈቅዷል» ሲባሉ ነው እጄን የለቀቁት።

ዕድሜ ልኬን ከአባዬ ጋር ስከራከር ኖሬ መረታት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናንተስ፣ በሽተኛችሁ እንደተመለሰላችሁ ያወቃችሁት በምን ሲሟገታችሁ ነው?