ቀለም ውስጥ የነከርኩት ጥርስ

ማክሰኞ ጠዋት ነው... ባለፈው ሐሙስ የፊት ጥርሳቸውን የነቀልኩላቸው የዶርዜው ሸማኔ አባባ ዘለቀ ወደ ሕክምና ክፍሌ ገቡና ሳይቀመጡ «ጥርሴን ስጠኝ» አሉኝ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመቱ ነው። እኔ ገና ተመርቄ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የተቀጠርኩ፣ ከኔ በላይ ጥርስ አዋቂ ያለ የማይመስለኝ ልጅ ነኝ። ያን ሰሞን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። የታመመ ጥርስ ሳይነቀል ሲታከም፣ ነርቩ የወጣበትን የሥሩን ቀዳዳ አጥበን እንደፍነዋለን። ታዲያ ከመድፈናችን በፊት በአልኮል ብናጥበው ውስጡ ደርቆ መድፈኛው ይበልጥ ይይዝ ይሆን?

ለማየት ብዬ የተነቀሉ ጥርሶች ሰበሰብኩ፤ የአባባ ዘለቀም አንዱ ነው። ግማሾቹን በአልኮል፣ ግማሾቹን በውሃ ብቻ አጥቤ ደፈንኳቸው። ከዚያ በየብልቃጡ ስም ጽፌ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከርኳቸው። በሳምንቱ ሰንጥቄ ቀለሙ ምን ድረስ እንደገባ ለማየት ነው፤ ዘልቆ ከገባ መድፈኛው አልያዘም ማለት ነው። ባለቤቶቹን አላስፈቀድኩም። የተነቀለ ጥርስ ማን ይፈልገዋል ብዬ...

ለአባባ ዘለቀ ተጥሏል አልኳቸው። ሳምንቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ዋሸሁ።

አልተቆጡም። ሕመም አድክሟቸው በሩን ተደግፈው ነው የሚያወሩት። አባታቸው አካላቸው ሳይጎድል እንደተቀበሩ፣ እሳቸውም ብዙ ጊዜ እንደሌላቸውና እንደዚያው መቀበር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከዚያ ክፍተቱን በምላሳቸው ነካ ነካ አደረጉና...

«አልተጣለም ልጄ። የሆነ ነገር ውስጥ ነው ያለው። አፌን ቀለም ቀለም ይለኛል» አሉ።

ብልቃጦቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም...

እጄን ኪሴ ከትቼ ቁልፉን ጨበጥኩ። ቢሆንም ሙከራዬ ከሚበላሽብኝ ብዬ፣ ሐሙስ ይምጡ፣ እፈልግልዎታለሁ አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሰነጠቅኩ። በአልኮል የታጠቡት ቀለሙ ጫፋቸው ላይ ቀርቷል፣ ውስጣቸው ነጭ ነው። በውሃ ብቻ የታጠቡት ላይ ግን ዘልቆ ገብቷል። ከሁሉም የባሰው የአባባ ዘለቀ ነበር፤ ከሥሩ እስከ አናቱ ጥቁር። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል! ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ነበር...

በሩ ተንኳኳ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ገባች። የአባባ ዘለቀ ልጅ ነኝ አለችኝ። አባቷ ትናንት አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ጥርሱን እንድታመጣላቸው አደራ ብለዋት ነበር።

ምን ብዬ እንደማስረዳት ጨንቆኝ፣ ሁለቱን ጥቁር ፍንካች በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጥጡን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ሲገንዟቸው አፋቸው ውስጡ እንዲህ ጠቁሮ ነበር» አለች ቀስ ብላ። መልሳ ጠቅልላው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በአልኮል ሳላጥብ የማንንም ጥርስ ሥር ደፍኜ አላውቅም። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «የበለጠ ስለሚይዝ ነው» እላለሁ... እሱም ውሸት አይደለም።